ከሥሩ የተበላው ቋጥኝ

ሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት ይመስለኛል፤ ወይስ ሃምሳ ዘጠኝ? እኛ ተማሪዎች አንድ የቀይ ባሕር ደሴት ላይ ያለውን፣ ከላይ ሰፍቶ ከሥሩ የቀጠነውን ቋጥኝ ልናይ በጀልባ ስንሻገር፣ አንድ የጋይንት ሰው አብሮን ነበር። በዚያ ሐሩር ጋቢ ደርቧል፤ ጎፈሬው ትከሻው ደርሷል።

«ብትላጨው ጀልባዬ በቀለለች!» አለው ቀዛፊው።

ሰውየው ወደ እኔ፣ ወደ አገሩ ልጅ፣ ዘንበል አለ። «የወንድሜን ደም ሳልመልስ ምላጭ አይነካኝም። ገዳዩ እዚህች ደሴት ላይ ጨው ይዝቃል አሉኝ።»

ደሴቷ ላይ ስንወርድ ሰውየው ማዕበል የበላውን የቋጥኙን ሥር ቀስ ብሎ ዳሰሰው።

«ባሕሩስ መች ቸኮለ?» አለና ብቻውን ወደ ጨው ዛቂዎቹ አቀና።

ወደ ማታ ስንመለስ ራሱን ተላጭቷል፤ ጋቢው የለም። ልጠይቀው አፌን ስከፍት ጀልባዋ ወደቡን ነካች። ዘሎ ወረደና ሄደ።