አንጀት አጣቢው ሻይ

ሳሊሀን የሚያስጠላት ነገር ብዙ ነው። እርጥብ ጆንያ ውስጥ ታፍኖ የሻገተ ቡና ያስጠላታል። መንገድ ላይ ምራቁን የሚተፋ ሰው ያስጠላታል። ሻይ ቤት ገብታ ብርጭቆው ጠርዝ ላይ የሌላ ሰው የከንፈር ቀለም ካየች ሳትጠጣ ከፍላ ትወጣለች። ጅማ፣ በቾ ቦሬ ሰፈር ባለው መጋዘኗ ቡና የሚለቅሙላት ሴቶች «እትዬ ሳሊሀ ቢችሉ አቧራውንም ያጥቡት ነበር» እያሉ ያሟታል።

እንዲህ ያለችው ሴት ናት እንግዲህ ለቅሶ ልትደርስ በሚኒባስ ስትሄድ፣ አሰንዳቦ ሳትደርስ፣ ሰው መሀል በቀሚሷ ላይ ተቅማጥ ያመለጣት።

ነገሩ የጀመረው ከስኳር በሽታዋ ነው። ሐኪሙ ውጤቷን አይቶ «ስኳሩ ኩላሊትዎን መነካካት ጀምሯል። ክኒንዎን ሳያቋርጡ ክብደትዎን ቀስ እያሉ ይቀንሱ» አላት። ከዚህ ሁሉ ንግግር ጆሮዋ ላይ የቀረው ኩላሊት የሚለው ብቻ ነበር። ታናሽ እህቷን የወሰዳት እሱ ነው። እግሯ አብጦ፣ ውሃ እየለመነች፣ ሐኪም ከልክሏል ተብላ ከንፈሯን በእርጥብ ጥጥ እየነካኩላት ነው የሞተችው። የሟቿን ልጅ ሱፊያንን ያሳደገችው ሳሊሀ ናት።

ሱፊያን አሁን ጎረምሳ ሆኖ፣ ጂም ቤት አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቅ ማቅጠኛ ይሸጣል። አክስቱ ከሐኪም ቤት በተመለሰች ዕለት አንድ ጥቅል ይዞ መጣ።

«አክስቴ፣ ማሎ፣ እባክዎ ይስሙኝ። ይሄ ዲቶክስ የሚባል ሻይ ነው።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ሰውነት ውስጥ የተከማቸ መርዝ ጠርጎ ያወጣል።»

«ማን መርዝ አበላኝ?»

«ቅቤው፣ ዘይቱ! ሻዩ ሜታቦሊዝምን ያነቃዋል፣ ስቡ ይቀልጣል። የበሉት ካሎሪ እንዳለ ተጠራርጎ ይወጣል።»

«በየት በኩል?»

ሱፊያን አፍሮ ሳቀ። «ይወጣል በቃ፣ አክስቴ።»

«ክኒኔስ?»

«ክኒን ኬሚካል ነው፣ ይሄ ቅጠል ነው።» ከዚያ ድምፁ ተሰበረ። «እናቴ ክኒኑን እየዋጠች አይደል እንዴ የሞተችው?»

ይህን ሲል ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሳሊሀ ሻዩን አፈላች። ቢስሚላህ ብላ፣ አፍንጫዋን ይዛ ጠጣችው። ቦይ ውስጥ የሰነበተ የጎመን ውሃ ይሸታል፤ ሲወርድም ጉሮሮ ላይ እንደ ንፍጥ ይለጠፋል። ክኒኑን ተወችው።

ከዚያ በኋላ ቀኗ በሽንት ቤትና በማሰሮ ውሃ መካከል አለቀ። ውዱእ ታደርጋለች፤ ገና ለሶላት ስትቆም ሆዷ ያጉረመርማል፤ ትሮጣለች። ተመልሳ ትታጠባለች፤ እንደገና ይይዛታል። አንዳንድ ቀን የዙሁር ሶላት ሳይሰገድ የአስር ሶላት ይደርስባታል። የገዛ ሰውነቷ እንደ ቆሸሸ ዕቃ አስጠላት። ሱፊያን ግን «መርዙ እየወጣ ነው» ይላታል፤ እሷም ይህን ሁሉ መርዝ ተሸክማ መኖሯን እያሰበች ይዘገንናታል።

አንድ ቀን የቡናው ሚዛን ላይ ወጣች። የምትመዝነው ብርሃንነሽ ናት፣ ምላሷ የማያርፍ ሴት።

«እትዬ ሳሊሀ፣ የጆንያውን ክብደት ልቀንስ?»

«የምን ጆንያ?»

«ያ ሁሉ ቀሚስና ወርቅ ታዲያ ምንድን ነው!»

መጋዘኑ በሳቅ ተሞላ። ክብደቷ በጣም ቀንሷል። ሴቶቹ እልል አሉላት፣ እሷም እንደ ሙሽራ አፈረች። ፍሬ በጥርሷ ነክሳ እርጥቡን ከደረቁ የምትለይ፣ ቡናው ላይ ውሃ አርከፍክፎ የመጣውን የሸቤ ነጋዴ «ውሃ ልትሸጥልኝ ነው?» ብላ ያባረረች ሴት፣ ከራሷ ላይ የጎደለው ምን እንደሆነ አልጠየቀችም።

ለቅሶ ስትሄድ ሚኒባሱ ውስጥ ሆዷ በያዛት ጊዜ «አውርዱኝ» ለማለት እንኳ አልደረሰችም። መስኮቶች ተራ በተራ ተከፈቱ። ረዳቱ አፍንጫውን ይዞ «ህፃን ነው እንዴ?» አለ። አጠገቧ የነበረች የማታውቃት ሴት ሻርፗን አውልቃ ጭኗ ላይ ጣል አደረገችላት። ሳሊሀ ቀና ብላ ልታመሰግናት ስትል ዓይኗ ጨለመ፤ ተዝለፍልፋ ወደቀች።

ሰዎች ወደ ጅማ መልሰው ወስደዋት፣ ሆስፒታል አልጋ ላይ፣ ክንዷ ላይ የፈሳሽ መርፌ ተሰክቶ ነቃች። ያጠቧት ሰዎች እነማን እንደሆኑ ማሰብ አልፈለገችም። ነርሷ ሲስተር መሳይ የእጇን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀችው፤ ቆዳው እንደተሸበሸበ ቀረ።

«ምን ጠጡ፣ እናቴ?»

«ዲቶክስ» አለች ሳሊሀ በሹክሹክታ። ቃሉን ስትጠራው አቅለሸለሻት።

«የሚያስቀምጥ ቅጠል ነው የጠጡት። የሰውነትን ቆሻሻ የሚያጣራው ጉበትና ኩላሊት ነው፣ ሻይ አይደለም።»

«የእህቴ ልጅ ካሎሪውን ጠርጎ፣ ሜታቦሊዝሙን አንቅቶ ስቡን ያቀልጣል ብሎኝ... ሚዛን ላይ ወጥቼ አይቻለሁ እኮ።»

«የቀነሰው ውሃ ነው። ስቡ እንዳለ አለ።»

ሳሊሀ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ውሃ። ለስንት ዓመት ቡና ውስጥ ካለ ውሃ ጋር ስትጣላ የኖረች ሴት!

ሲስተር መሳይ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ካሎሪ ማለት ምግብ የሚሰጠን የጉልበት መለኪያ ነው። ሰውነትዎ ከሚያወጣው ጉልበት ያነሰ ሲበሉ፣ ያጠራቀመውን ስብ እያወጣ ይጠቀማል። ሜታቦሊዝም የሚሉትም ሰውነት ምግቡን ወደ ጉልበት የሚቀይርበት ሥራ ነው፤ ተኝተው እንኳ አይቆምም። ሽንት ቤት ተቀምጦ ግን ስብ አይቃጠልም። በእግርዎ ይሂዱ። አሰር ወይም ፋይበር ያለው ምግብ ይብሉ፦ ባቄላ፣ ጎመን፣ ገብስ። አሰሩ ስኳሩን ወደ ደም ቀስ ብሎ እንዲገባ ያደርገዋል።»

«ኩላሊቴስ?»

«ውሃ አጥቶ ተጎድቷል። የነገው ምርመራ ይነግረናል።»

ሳሊሀ ስለ እህቷ ከንፈር እያሰበች አደረች። በማግስቱ ውጤቱ መጣ፤ ኩላሊቷ ማገገም ጀምሯል፣ ክኒኑንም በሐኪሙ ትእዛዝ እንደገና ጀመረች። አልሀምዱሊላህ ብላ ሳትጨርስ ሱፊያን ዓይኑ ቀልቶ ገባ።

«አንተ ጠጥተኸው ታውቃለህ?» አለችው።

«አንድ ቀን። ሆዴ አልቻለውም።»

«የኔ ሆድ የብረት መሰለህ?»

«እንደ እናቴ እንዳይሆኑብኝ ብዬ ነው፣ ወላሂ።»

እውነቱን ነው፣ ታውቃለች። አሳዘናትም፣ አስጠላትም። «ስኳር ላለበት ሰው ሸጠሃል?»

ሱፊያን መሬት መሬት አየ። «ለከድጃ። አክስቴን አያዩዋትም ወይ፣ እንዴት እንደቀጠነች ብዬ...»

ከድጃ ልብስ ሰፊ ናት፣ የሳሊሀ የልጅነት ጓደኛ። ሳሊሀ ከሆስፒታል እንደወጣች ቤቷ አልገባችም፤ ሱፊያንን አስከትላ በቀጥታ ወደ ከድጃ በር ሄደች።

«ነዪ ነዪ፣ ቀጭኗ!» አለች ከድጃ ከስፌት መኪናዋ ላይ እየተነሳች።

«ክኒንሽን ትውጫለሽ?»

«ምን ያደርግልኛል? ቅጠሉ ይበቃል ብሎኝ የለ ልጅሽ።»

ሳሊሀ ጎረቤቶች ደጃፋቸው ላይ መቀመጣቸውን አየች። ድምፄን ልቀንስ ብላ አሰበች፤ አልቀነሰችም።

«ከድጃ፣ ሚኒባስ ውስጥ በላዬ ላይ አመለጠኝ። ሰው ፊት። ከዚያ ሞቼ ነበር።»

ከድጃ ሳቀች፤ የሳሊሀን ፊት ስታይ ሳቋ ቆመ። እጇ ሳታስበው ወደ ሆዷ ሄደ። «ወላሂ? እኔም እኮ... ከትናንት ጀምሮ ስቆም ያዞረኛል።»

«ጫማሽን አድርጊ። ጤና ጣቢያ እንሂድ።»

«በዚህ ሆዴ? መንገድ ላይ ቢይዘኝስ፣ ሳሊሀ?»

«ፎጣ ይዘሽ ነዪ።»

ከድጃ ፎጣዋን ይዛ ስትወጣ፣ ሱፊያን ሳይጠየቅ ሁለት እጁን ዘርግቶ ፎጣውን ተቀበላት።