ጢሱን ያጠብኩት እኔ ነኝ

ይሄን ለእናቴ እንኳን አልነገርኩም። ለማንም ነግሬ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ጽሑፌ ባያምር ታገሡኝ። ግን አትዘኑልኝ።

በአንድ ትንሽ የቅርስ ሙዚየም ጽዳት እሠራለሁ። አትክልቱን ውሃ የማጠጣውም እኔ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ በግቢው ጥላ ሥር ሥልጠና አለ፤ እናቶች የድሮ እጅ ሥራ ለወጣቶች ያሳያሉ። ከመካከላቸው አንዷ ኤዶ ፋጡማ ነበረች፣ ከመጋላ ሰፈር የደቻቱን ወንዝ ተሻግራ የምትመጣ። ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ ሁላችንም እንዲያ ነበር የምንጠራት። የምታስተምረው የወተት ዕቃ መስፋት ነው። ዕቃው ተሰፍቶ ሲያልቅ ውስጡ በፍም ጢስ ይታጠናል፤ ሽታው እዚያው ይቀራል። ዓይኗ ከደከመ ቆይቷል፤ የምትሠራው በጣቶቿና በአፍንጫዋ ነበር። ለማሳያ የእናቷን ዕቃ ታመጣለች። ሥራ ከመጀመሯ በፊት ክዳኑን አንስታ ታሸተውና «እናቴ እዚህ አለች» ብላ ትስቃለች።

አንድ ጊዜ ዕቃውን እኛ ጋ ትታው ሄደች። ውስጡ ጠቁሮ አየሁት። ቆሻሻ መሰለኝ። ደስ ይበላት ብዬ በሳሙና ፈተግኩት፣ ደጋግሜ አለቀለቅኩት፣ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ሲደርቅ አሸተትኩት። ምንም። ምን እንዳደረግኩ የገባኝ ያኔ ነው።

ቅዳሜ መጣች። ክዳኑን አነሳች። አሸተተች። ደግማ አሸተተች።

«ሰሚራ፣ ምንም የለም እኮ! እስቲ አንቺ አሽትቺልኝ።»

ሠልጣኞቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። ሰው ሲያየኝ አፌ ይተሳሰራል። ዕቃውን ተቀብዬ አሸተትኩ። ከዚያ «ይሸታል ኤዶ፣ እንደ ድሮው ነው» አልኩ።

ሥልጠናውን የሚመራው ልጅ ሳቀ። «አቦ ኤዶ፣ አፍንጫሽን መጋላ ረስተሽው ነው እንዴ የመጣሽው?»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች። «ዋላሂ አርጅቻለሁ» አለች። እኔን አመነች። ከገዛ አፍንጫዋ ይልቅ እኔን አመነች።

ያን ቀን ማጠኑ ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ። መታጠኑን በቃ የምትለው አሽትታ ነበር። «ይበቃል? እናንተ ንገሩኝ» አለች። ከዚያ በኋላ አልመጣችም። ልጇ ሆዳን ዕቃውን ለሙዚየሙ ልትሰጥ ስትመጣ እንዲህ አለችን፦ «እናቴ ወጥ መሥራት ትታለች። ብቻዋን ከቤት አትወጣም። ሰሚራን የሸተታት እኔን አልሸተተኝም፣ አእምሮዬ እየሄደ ነው ትላለች።»

ስሜን ስትጠራ እዚያው ቆሜ ነበር። ዝም አልኩ። ዓይን አፋር ስለሆንኩ ነው? እውነቱን ለመናገር ያፈርኩ፣ ለመዋሸት እንዴት አላፈርኩም?

ኤዶ የዚያው ዓመት ክረምት ሳይወጣ ወደ አኼራ ሄደች። ዕቃው መስታወት ውስጥ ገባ። መስታወቱን በየጠዋቱ የምወለውለው እኔ ነኝ። አንዳንዴ አትክልት ሳጠጣ ጢስ ይሸተኛል። የውሃ ጎማውን ጥዬ ግቢውን እዞራለሁ። እሳት ያነደደ የለም።

ባለፈው ቅዳሜ ሆዳን በእናቷ ቦታ ልታስተምር መጣች። ዕቃውን ከመስታወቱ አስወጥታ አሸተተችው። «ጢሱ ለቆታል» አለች፣ ቀለል አድርጋ። «ሲለቅ መልሶ ማጠን ነው።» ፍም ጨመረችበት፣ ከደነችው፣ ወዘወዘችው። ስትከፍተው ያ ሽታ ግቢውን ሞላው።

ይሄው ነበር። አንድ ቃል ብተነፍስ ኖሮ ኤዶ ትሰድበኝ፣ ከዚያ ትስቅብኝና በዚያው ጠዋት ራሷ መልሳ ታጥነው ነበር። ማጠቤን በአንድ እፍኝ ፍም ማስተካከል ይቻል ነበር። ይሸታል ማለቴን ግን በምን?

ሆዳን ዕቃውን ዘረጋችልኝ። «እስቲ አሽትቺ፣ ይሸታል?»

ዕቃውን ሳልቀበላት ወደ አትክልቱ ዞርኩ። ይሄን ወረቀት ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ በእጇ እሰጣታለሁ፤ በአፌ አልችልም። ይቅር በይኝ ብዬ አልጻፍኩበትም። ይቅር ማለት የምትችለው ሴት የገዛ አፍንጫዋን እንደተጠራጠረች ሄዳለች።