ስሙን ብቻ ቀይር

መርሳ ከተማ ውስጥ ሰው ሲሞት የሕይወት ታሪኩን የምጽፈው እኔ ነኝ። የአማርኛ መምህር ስለሆንኩ ሥራው የማን እንደሆነ ጠይቆ የሚያውቅ የለም። ሰው ያርፋል፣ የእድሩ ዳኛ ይደውላሉ፣ እኔ እጽፋለሁ፤ ቀብር ላይ ከፍትሐቱ በኋላ ይነበባል።

በዚያ ሰሞን ያረፉት እናት መንገድ ዳር ፍራፍሬ የሚሸጡ ሴት ነበሩ። ወደ ወልድያ የሚያልፍ አውቶቡስ ሲቆም መስኮቱን ቀድመው የሚያንኳኩት እሳቸው ናቸው። ብርቱካን የሚያገላብጥ ተሳፋሪ ይሰድባሉ፣ ሳይሸጡ የሚነሳ ሾፌር ይረግማሉ። እኔንም አንድ ቀን ማንጎ አማርጠህ ጨረስክ ብለው በሰው ፊት አዋርደውኛል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ግን ፓፓያ ይዘው ደጄ ድረስ መጡ። «እንካ፣ ቂም አትያዝብኝ» አሉኝ።

ስለዚህ ስጽፍ እንዲህ አልኩ፦ «እኚህ እናት ያልተጣሉት ሰው አልነበረም፤ ሳይታረቁት ያደሩትም ሰው አልነበረም።»

ድንኳኑ ውስጥ ለቤተሰቡ ሳነብላቸው ታናሿ ልጃቸው እያለቀሰች ሳቀች። «እማዬ ናት! ራሷ ናት!» አለች። ወልድያ የሚኖረው ታላቅ ወንድሟ ግን ከመቀመጫው ተነሳ።

«እናታችን ጠበኛ ነበረች ብለህ በሰው ፊት ልታነብ ነው?»

«ታራቂ ነበሩ ነው ያልኩት።»

«እሱን ማን ይሰማል? መጀመሪያ የሚሰማው ጠቡ ነው።»

የእድሩ ዳኛ ትከሻዬን ይዘው ወደ ውጭ አወጡኝ። ሽማግሌ ናቸው፤ ክፉ ሰው አይደሉም።

«መምህር፣ ለቅሶ ላይ አዲስ ነገር አያምርም። ሰው የሚጽናናው የሚያውቀውን ሲሰማ ነው። ባለፈው ለባልቴቷ የጻፍከው አለ አይደል? ስሙን ብቻ ቀይር።»

ካህናቱ እየጠበቁ ነበርና ቀየርኩ። ቀብሩ ላይ «ደግ፣ ሩኅሩኅ፣ የተራበ አብልተው የተጠማ አጠጥተው የማይጠግቡ» ተብለው የተነበበላቸውን ሴት እኔ አላውቃቸውም። ሰው ግን አለቀሰ። ታናሿ ልጅ ብቻ ቀና ብላ አየችኝና ፊቷን አዞረች። የተሰረዘችውን ዓረፍተ ነገርም ሐዘን ቤት ለመጣው ለቀስተኛ ሁሉ ስትነግር ከረመች።

ወራት አልፈው ወልድያ ለቅሶ ሄድኩ። ሟቹ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ያረጁ፣ ድምፃቸው የማይሰማ፣ ከሰው ጋር ክፉ ቃል ተለዋውጠው የማያውቁ ሰው ነበሩ። አንባቢው ጉሮሮውን ጠረገና «እኚህ አባት ያልተጣሉት ሰው አልነበረም» ብሎ ጀመረ። ጆሮዬን አላመንኩም። ባለቤታቸው ግራ ተጋብተው ዙሪያቸውን ያያሉ። ሰዉ ደግሞ «ወይ አነጋገር!» እያለ ከንፈሩን ይመጥጣል። ከዚያ ውርጌሳ ከተማም ያቺው ዓረፍተ ነገር ተነበበች አሉኝ።

ተናደድኩ። ቃሏ የፍራፍሬ ሻጯ ነበረች። ለእሳቸው ከልክለው ለማያውቋት ሁሉ አደሏት።

ቀጥሎ መርሳ ውስጥ ወፍጮ ቤት የነበራቸው አባት አረፉ። የእድሩ ዳኛ ደወሉ።

«ያቺን የጠብና የእርቅ ቃል አስገባልኝ። ቤተሰቡ ጠይቋል።»

«አባባ፣ እሷ እኮ ለፍራፍሬ ሻጯ እናት የጻፍኳት ናት። እርስዎ ራስዎ ነዎት አውጣት ያሉኝ።»

ሳቁ። «ያን ጊዜ ማን ያውቃት ነበር? አሁን የሰው ሆናለች።»

«ባለ ወፍጮው ግን ከሰው ተጣልተው አያውቁም።»

«አንተስ ደግና ሩኅሩኅ ያልካቸው ሁሉ ደግና ሩኅሩኅ ነበሩ?»

እውነታቸውን መሆኑ ይበልጥ አናደደኝ። እምቢ አልኩና ለባለ ወፍጮው የራሳቸውን ጻፍኩ፦ ነፍሰ ጡር ስትመጣ ከወረፋው እንደሚያስቀድሙ፣ የወፍጮው ጩኸት ጆሯቸውን ስላደነቆረው ምስጢር እንኳ እየጮኹ እንደሚያወሩ። ወንድሞቻቸው ሰምተው «ይሄ ለቅሶ ነው ወይስ ጨዋታ?» አሉ። ሌላ ወጣት መምህር ተጠራ፤ ያቺን ዓረፍተ ነገር እንዳለች አስገባት።

ከቀብር ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ጎረቤቴ ጉልበቴን መታ አደረገኝ። «አየህ መምህር፣ መጻፍ እንዲህ ነው! ከወልድያዎቹ ብትማር ምን አለበት?»

«የኔ ናት» ብል ከለቅሶ መልስ ስለ ዓረፍተ ነገር የሚከራከር ሰው ልሆን ነው።

ሐዘኑ ቀለል ሲል የባለ ወፍጮውን ሚስት ልጠይቅ ሄድኩ። ወንዶቹ አልነበሩም። የተጣለውን ጽሑፌን ላንብብልዎ አልኳቸው። ምስጢር እየጮኹ ከሚለው ላይ ስደርስ አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ፤ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ስለነበር እየሳቁ ይሁን እያለቀሱ አልለየሁም።

«ይሄን ለምን ሳታነቡት ቀራችሁ?» አሉኝ።

«ቤተሰቡ አልፈለገም፣ እናቴ።»

«እኔስ ቤተሰብ አይደለሁም? ማን ጠየቀኝ?»

ወረቀቱን ተቀብለውኝ ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ከሌላው ሁሉ ይልቅ በራሴ ተናድጄ ወጣሁ፤ እሳቸውን መጠየቅ እኔም ትዝ አላለኝም ነበር።