አክስቴ ገዳም ያለችው ቦታ

መጽሐፉን ሁልጊዜ ገልብጬ ነበር የማስቀምጠው፤ ሽፋኑን ወደ ታች አድርጌ። ያን ቀን ግን አክስቴ የምግብ ጠረጴዛውን ልትወለውል ስታነሣው ሽፋኑን አየችው። ፎቶግራፉ ላይ ሻሽ ያሰሩ፣ ረጃጅም ቀሚስ የለበሱ ሴቶች ጫካ ዳር ቆመዋል። አንዳንዶቹ ግንድ ተሸክመዋል። አንዲት አሮጊት ዘንግ ይዛለች። ከኋላቸው ጣራው ያላለቀ የእንጨት ቤት ይታያል።

«ምንድን ነው ይሄ ስታነቢው የከረምሽው?» አለችኝ።

«ሴቶች ብቻቸውን ስለሚኖሩበት ቦታ ነው» አልኳት። ውሸት አልነበረም።

«ወንድ የለም?»

«ወንድ አይገባም።»

«ራሳቸው አርሰው፣ ራሳቸው ቤት ሠርተው?»

«አዎ።»

መጽሐፉን ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። ዘንግ የያዘችውን አሮጊት በጣቷ ነካ አደረገቻት። «ገዳም ነው በይኛ! አሜሪካም የሴቶች ገዳም አለ?» አለችና፣ ሽፋኑን ወደ ላይ አድርጋ ከዳዊቷ አጠገብ መደርደሪያው ላይ አኖረችው።

አላረምኳትም።

መጽሐፉ ስለ ገዳም አልነበረም። እናቶቻችን ልጆች በነበሩበት ዘመን፣ ከሲያትል ወደ ደቡብ ባለው የጫካ አገር፣ ከወንድ ተለይተው ለመኖር የወሰኑ ሴቶች መሬት ገዝተው ነበር። ብዙዎቹ ሌዝቢያኖች ናቸው፤ ሴት የሚያፈቅሩ ሴቶች። ስለ እነሱ የተጻፈ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ያገኘሁት ካፒቶል ሂል በሚባለው የሲያትል ሰፈር ካለ የአሮጌ መጻሕፍት መደብር ነው። ዝናብ እስኪያባራ ብዬ ገብቼ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላም ቆሜ አነበብኩ። ከዚያ ሌላ ፈለግሁ፤ ከዚያ ሌላ።

በመጻሕፍቱ ውስጥ ሴቶቹ ጣራ መምታትና ውኃ መሳብ አንዷ ከሌላዋ ይማራሉ። ከዚያ ይጣላሉ። ወንድ ልጅ የወለደች እናት ልጇን ይዛ መኖር ትችላለች ወይስ አትችልም? ለጉብኝት የመጣ አባት ከአጥሩ ምን ያህል ይራቅ? ገንዘብ ያላትና የሌላት እኩል ድምፅ አላቸው? ውሳኔ ሁሉ የሚሰጠው ክብ ሠርተው ተቀምጠው፣ እያንዳንዷ ተናግራ ስትጨርስ ነው። ይህን ሳነብ ላብ ያጠምቀኝ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ስማር ስሜ ሲጠራ «አቤት» ለማለት እንኳ ድምፄ ይጠፋብኝ ነበርና፣ እዚያ መሬት ላይ አንድ ሳምንት እንደማልቆይ አውቃለሁ። ቢሆንም ማንበቤን አልተውኩም።

ለምን እንደማነብ ለራሴም በግልጽ አልነገርኩትም ነበር። ካፒቶል ሂል ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚሄዱ ሴቶች ሲያጋጥሙኝ ዓይኔን አስፋልቱ ላይ እተክላለሁ። በእነሱ አፍሬ አይደለም። ዓይኔ ምን እንደሚናገር ስለማላምነው ነው።

የምኖረው እዚያው ሲያትል፣ ሴንትራል ዲስትሪክት ሰፈር፣ አክስቴ ቤት ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያ የተቀበለችኝ እሷ ናት፤ ተመርቄ ሥራ እስካገኝ ያለ አንዲት ሮሮ ያኖረችኝም እሷ። መጽሐፉ ምን እንደሆነ ብታውቅ ውጪ ትለኛለች ብዬ ፈራሁ። ከቤቷ ብወጣ ደግሞ እናቴ ምክንያቱን ትጠይቃለች፤ ለእናቴ የምሰጠው ምክንያት አልነበረኝም።

አክስቴ የእመቤታችን ማኅበር አላት፤ ሴቶች ብቻ የሚጠጡት። በሃያ አንድ መሆን ሲገባው፣ እዚህ ሁሉም ሥራ ስላለበት ወደ ቅዳሜ ይገፋል። በዚያ ወር ተራው የእኛ ቤት ነበር። ካህኑ ጸሎት አድርሰው፣ ዳቦውን ቆርሰው፣ ሌላ ማኅበር ስለነበረባቸው ቶሎ ሄዱ። ሳሎኑ በነጠላ ሞላ። እኔ የጠላውን ጆግ ይዤ እየዞርኩ ስቀዳ አክስቴ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«አንድ ነገር ላሰማችሁ። እዚሁ አሜሪካ የሴቶች ገዳም አለ። ልጄ አጥንታዋለች። ንገሪያቸው እስቲ።»

ቀድማ አልነገረችኝም። ልታኮራኝ መሆኑ ገብቶኛል፤ ፊቷ ያበራ ነበር።

«ምሁሯ፣ ተቀመጪና አውሪልን» አለች አንዷ። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ናት፤ ማኅበሩ ውስጥ ቀልድ ሁሉ ከእሷ ነው የሚመጣው። «ጆጉን ለኔ ስጪኝ። እኔ እጅ ከገባ ጠብታ አይፈስም።»

«መች አጣነው!» አሏት ሌሎቹ።

ተቀመጥኩ። በክብ ነበር የተቀመጡት፤ ሁሉም እኔን ያያሉ። እውነት የሆነውን ብቻ እየመረጥኩ መናገር ጀመርኩ። መሬቱን በጋራ መግዛታቸውን፣ ቤቱን በእጃቸው መሥራታቸውን፣ ወንድ እንደማይገባ፣ ወንድ ፍየል እንኳ ይኑር አይኑር ብለው እንደተከራከሩ ነገርኳቸው።

«እሰይ!» አለች ሹፌሯ። «እኛ አገር ሴት ቀርቶ እንስት በግ የማትወጣበት ገዳም አለ አይደል? ወንዶቹ በገመድ የሚወጡት? ብድራችንን መለሱልን በሉኛ!»

«አንቺ፣ በገዳም አይቀለድም» አለች አክስቴ፤ እሷም ግን ትስቅ ነበር።

ሳቁ ሲበርድ፣ በዚህ አለፈ ብዬ ተንፈስ ልል ስል፣ በዕድሜ ትልቋ ማኅበርተኛ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ብዙ የማይናገሩ ሴት ናቸው።

«ልጄ፣ ስንት ሰዓት ያስኬዳል?»

«የቱ እማማ?»

«ገዳሙ። በመኪና።»

ከፊታቸው ያለውን ባዶ ብርጭቆ አነሣሁ።

«ልጆቼ ለየራሳቸው ሆነዋል» አሉ። «መመንኮስ ካሰብኩ ቆየሁ። አገር ቤት ልግባ ብል የስኳር መድኃኒቴን ማን ያመጣልኛል? ቅርብ ከሆነ ግን… አሮጊት ይቀበላሉ?»

«ሰኞ ኦፍ ነኝ፣ እኔ ድራይቭ አድርጌ አደርስዎታለሁ» አለች ሹፌሯ፤ አሁን አልቀለደችም። ወደ እኔ ዞራ «ሶ፣ አድራሻውን ቴክስት አድርጊልኝ» አለችኝ።

ተዘግቷል ማለት እችል ነበር። ግማሹ እውነት ነው፤ ብዙዎቹ ሴቶች አርጅተዋል፣ አንዳንዱም መሬት ተሸጧል። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። አንድ ቃል ብቻ፤ ከዚያ ጠላ እቀዳለሁ፣ ማታ አልጋዬ ላይ እተኛለሁ፣ ሁሉም እንደነበረ ይቀጥላል።

ትልቋ ሴት ግን ገና አልጨረሱም። «ማነው የሚያቆርባቸው?» አሉኝ። «ካህን መቼም ወንድ ነው። እሱ ይገባል?»

ሴትዮዋ እየቀለዱ አልነበረም። ዕቃቸውን በሐሳብ ማሸግ እንደጀመሩ ከፊታቸው ያስታውቃል። ተዘግቷል ብላቸው ሌላ የት አለ እንደሚሉኝ ገባኝ።

«አይቆርቡም» አልኩ።

«እንዴት አይቆርቡም?»

«ገዳም አይደለም፣ እማማ። ሃይማኖት አይደለም ያሰባሰባቸው።»

«ታዲያ ምን አሰባሰባቸው?»

አክስቴን አላየኋትም። «አንዳንዶቹ የባል ዱላ ሸሽተው ነው። ብዙዎቹ ግን ሴት የሚወዱ ሴቶች ናቸው። እንደ ባልና ሚስት አብረው የሚኖሩ።»

ጆጉ ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ድምፁ ተሰማ። አንዷ «በስመ አብ» ብላ አማተበች። ሌላዋ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች።

«ኦኬ» አለች ሹፌሯ ቀስ ብላ። «እንግዲህ ሰኞ ልብሴን አጥባለሁ።»

ማንም አልሳቀም።

ትልቋ ሴት ነጠላቸውን አስተካክለው «እግዜር ይስጥሽ» አሉኝ። «ጓዜን ይዤ ልሄድ ነበር እኮ።» ከዚያ በኋላ ግን አላዩኝም። ማኅበሩ ከወትሮው ቀድሞ ተበተነ። ሲወጡ አክስቴን ሁሉም ሳሟት፤ እኔን ሹፌሯ ብቻ ሳመችኝ፣ እሷም በጥድፊያ። ዕቃ አጣጥቤ ወደ ክፍሌ ስሄድ መጽሐፉ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ሽፋኑ ወደ ታች ነበር።

የሚቀጥሉትን ቀናት አክስቴ ከአስፈላጊው በላይ አላናገረችኝም። ምግቤን ከድና ትተውልኝ ነበር፤ አብረን ግን አልበላንም። በስልክ ስታወራ እኔ ስገባ ድምፅዋን ትቀንሳለች። አንድ ጊዜ «የእህቴ ልጅ ናት እኮ» ስትል ሰማሁ፤ ተማፅና ይሁን ተቆጥታ አልለየሁም። እኔም በምሳ ሰዓት የሚከራዩ ክፍሎችን ማየት ጀመርኩ። በሩ ሲንኳኳ፣ ስልክ ሲጠራ፣ አሁን ነው እያልኩ እጠብቃለሁ።

ከሥራ መልስ አንድ ቀን፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ሳህን እያጠበች፣ «ለትምህርት ነው የምታነቢው?» አለችኝ። «ወይስ ለራስሽ?»

የማመልጥበትን ቀዳዳ ራሷ ከፍታልኝ ነበር። ለትምህርት ነው ብል ታምነኝ ነበር፤ ማመን ፈልጋለች።

«ለራሴ ነው» አልኩ።

ውኃው ይፈሳል። አልዞረችም። «እናትሽ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«ከኔ አትሰማም።»

«እትዬ፣ ክፍል መፈለግ ጀምሬአለሁ።»

ቧንቧውን ዘግታ ዞረች። እጇ አረፋ እንደሆነ ነው። «ማን ውጪ አለሽ?»

«ማንም።»

«ታዲያ ሰው ልታስወሪብኝ ነው? የእህቷን ልጅ ሜዳ ላይ ጣለቻት ልባል?» አረፋውን ከእጇ አራገፈች። «አልገባኝም። እንዲገባኝም አልፈልግም፣ አትንገሪኝ። ግን ቤትሽ ነው። የማኅበር ቀን ብቻ እዚህ አትገኚ። ከማኅበርተኞቹ ሁለቱ ደውለው እቅጩን ነግረውኛል።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እሺ እል ነበር። እሺ ማለት ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁበት ሥራ ነው። «ቤቴ ከሆነ፣ ቤቴ እገኛለሁ» አልኩ። ድምፄ ቀጠነ እንጂ አልጠፋም።

አየችኝ። እንደ እንግዳ ሰው፣ ከላይ እስከ ታች።

«ክፍልሽ ሁኚ እንግዲህ። በሩን ዝጊው።»

«አልዘጋውም፣ እትዬ።»

እጇን በፎጣ ጠረገች። ፎጣውን አጠፈችው፤ መልሳ ፈታችው።

«ገርበብ አድርጊው» አለች በመጨረሻ፣ ወደ ሳህኖቹ እየተመለሰች።

ማኅበሩ በዙር ነው የሚጠጣው። ይህን ያህል የተከራከርንበት ተራ ወደ እኛ ቤት የሚመለሰው ገና ከዓመት በኋላ ነው።