አረንጓዴው ሸሚዝና የታደለች ነጭ ቀሚስ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ሆሳዕና ቤቴ ድረስ መጥቶ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነው። ባንድ አቋቁመዋል፤ ክሊፕም ሠርተዋል። ልብሳቸው ሐምራዊ፣ ጊታሩ ሐምራዊ፣ ከጀርባቸው የተንጠለጠለው መጋረጃ ሐምራዊ፣ በየግድግዳው የሚለጥፉት ማስታወቂያ ሳይቀር ሐምራዊ። "ጋሼ፣ ሁሉንም እኔ ነኝ ያዘጋጀሁት። አንድ ዓይነት መልክ ሲኖረን ሰው ከሩቅ ይለየናል" ብሎ ያስረዳኝ ጀመር። ለማን ነው የሚያስረዳው? እኔ ይህን ሥራ የጀመርኩት እናቱ ገና የወተት ጥርሷን ስትነቅል ነው።

በደርግ ጊዜ የቀበሌያችን ኪነት ቡድን አባል ነበርኩ። መጀመሪያ ከበሮ ሞከርኩ፤ የሰፈሩ ውሾች አቤቱታ አስገቡ። ከዚያ ዘፈን ሞከርኩ፤ ውሾቹ "ከበሮው ይመለስልን" አሉ። በመጨረሻ ከበሮ መቺው ኤርሲዶ "አንተ ወንድሜ፣ ድምፅ የማያወጣ ሥራ እንስጥህ" አለና የቡድኑ ሠዓሊ አደረገኝ።

ሹመት ያደፋፍራል፤ ወዲያው ሕግ አወጣሁ። ዓርማችን የእንሰት ቅጠል፣ ቀለማችን አረንጓዴ፣ ከዚህ ውልፍት የለም! ከቅዳሜ ገበያ የቀለም ዱቄት ገዝተን አቡጀዲውን በበርሜል ቀቀልነው። ሸሚዙ፣ የመድረኩ መጋረጃ፣ የከበሮው ልባስ፣ ሁሉም ከአንድ በርሜል ወጡ። ቅጠሉን በካርቶን ላይ ቀድጄ፣ በተረፈው ቀለም ማስታወቂያችንን አተምኩ። የቀበሌው ሊቀመንበር መጥቶ አየና ፊቱ ጠቆረ።

"ቀዩስ የታል?"

"ቀዩ ደማችን ውስጥ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

ትክ ብሎ አየኝና ሄደ። እንዴት ሳልታሰር እንደቀረሁ እስከ ዛሬ አይገባኝም።

ያን ክረምት በጭነት መኪና ላይ ተሳፍረን ሾኔ፣ አንጋጫ፣ እስከ ሙዱላ ድረስ በየገበያ ቀኑ ዞርን። መኪናው እኛን ከተሸከመበት መንገድ እኛ እሱን የገፋንበት ይረዝማል። ዝናብ ሲመታን ቀለሙ ይለቅና አንገታችን ላይ ይወርዳል። አንድ ወር ሙሉ ላቤ አረንጓዴ ነበር፤ ካላመናችሁ የእናቴ አንሶላ ይመስክር። ሰው ግን ለየን! አንጋጫ ስንገባ ገና ከዳገቱ ላይ ሲያዩን "ቅጠሎቹ መጡ!" ብለው ይጮሁ ነበር። ትኩስ ቆጮ ከአይብና ከጎመን ጋር ያቀርቡልናል፤ ከላዩ የሚንቆረቆረው የቅቤ ሽታ ዛሬም ዝናብ ሲዘንብ አፍንጫዬ ላይ ይመጣል።

ዘፋኛችን ታደለች የአንጋጫ ልጅ ናት። ድምጿን ያበጀችው አባቷ በሚያገለግሉበት ጸሎት ቤት እየዘመረች ነው። ጸሎት ቤቱ ሲታሸግ ድምጿን ቀበሌው ወረሰው። እኔ ደግሞ እወዳት ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለራሷማ ጭራሽ። ብቻችንን በሆንን ቁጥር ስለ መጋረጃ ነበር የማወራት። አረንጓዴውን ሸሚዝ አትወደውም። "እኔ ዘፋኝ ነኝ እንጂ ጓሮ ነኝ እንዴ?" ትለኛለች። ሕግ ነውና ግን ትለብሰዋለች።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ካሜራ ይዘው ሊቀርጹን እንደሚመጡ ተነገረን። ሸሚዙንም መጋረጃውንም እንደ አዲስ ነከርኳቸው። የካሜራ ሰዎቹ መሣሪያቸውን አቁመው ሲጠብቁ፣ ለአጎቷ ልጅ ሠርግ አንጋጫ የሰነበተችው ታደለች እያለከለከች ደረሰች። የእናቷን ነጭ ቀሚስ ለብሳለች፤ ጠርዙን ጭቃ ነክቶታል። ሸሚዟን ይዤ ቆሜያለሁ።

"በል አምጣው ልልበሰው፤ ያንተን ጭቅጭቅ ከመስማት ይሻላል" አለችኝ።

እጄ አልዘረጋ አለኝ። "ተዪው" አልኳት። "ነጩ ያምርብሻል።"

"ሕጉስ?"

"ሕጉን ያወጣሁት እኔ አይደለሁ?"

አየችኝ። ያንን አስተያየት ለመሣል ሰባት በርሜል ቀለም አይበቃም። ከዚያ ወደ መድረኩ ወጣች።

ከሦስት ወር በኋላ ፊልሙን ሊያሳዩን መጡ። እሑድ ከሰዓት በኋላ የአዳራሹን መስኮቶች በብርድ ልብስ ጋርደን፣ አንሶላ ግድግዳው ላይ ወጥረን ተቀመጥን። ፊልሙ ለካ ጥቁርና ነጭ ኖሯል! ሸሚዙና መጋረጃው የአንድ በርሜል ልጆች ናቸውና አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ተዋሐዱ። ቡድኑ የለም። አሥራ አንድ ጭንቅላት አየር ላይ ተንጠልጥሎ አፉን ይከፍታል፤ ሃያ ሁለት እጅ ባለቤት አጥቶ ያጨበጭባል። የኤርሲዶ እናት "ልጄን ምን ዋጠው?" ብለው በሀዲይኛ ጮኹ። አዳራሹ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ።

መሃል ላይ ግን ታደለች አለች። ከፀጉሯ እስከ ጭቃው ጠርዝ ድረስ ሙሉ ሰው ሆና የምትታየው እሷ ብቻ ናት። ዘፈኑን ስትጀምር ያ ሁሉ ሳቅ ጸጥ አለ።

ድምጿ ማርኳቸው ይሁን ሌላ የሚታይ ሰው አጥተው እንጃ፣ በወሩ አዲስ አበባ ካለ ትልቅ ቡድን መጥሪያ መጣላት። ለሷ ብቻ።

አውቶቡስ ተራ ሸኘናት። በመስኮቱ ብቅ ብላ እየሳቀች "ሸሚዙን አስለብሰኸኝ ቢሆን ኖሮ እዚሁ ቀርቼ ነበር እኮ!" አለችኝ። ምስጋና ይሁን ወቀሳ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ያን ጊዜ ልናገረው የሚገባኝ አንድ ነገር ነበር። አፌን ስከፍት የወጣው ግን "መጋረጃውን እንቀይረዋለን" የሚል ሆነ። በዕድሜዬ ብዙ ቀልጃለሁ፤ እንደዚያ ያላሳቀኝ ቀልድ የለም። አውቶቡሱ ጭቃውን እየረጨ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ድምጿን ሁለት ጊዜ በሬዲዮ ሰምቻለሁ፤ እሷን ግን አላየኋትም።

"እሺ ጋሼ፣ እንዴት ነው?" አለኝ የእህቴ ልጅ።

ክሊፑን መልሼ ከፈትኩት። በዚያ ሁሉ ሐምራዊ መሃል አንዲት ልጅ ቢጫ ቀሚስ ለብሳ ትዘፍናለች።

"የሷን ቀሚስ ማን ፈቀደው?"

ጓደኞቹ ተጠቃቀሱ። እሱ አንገቱን ደፋ። "እኔ ነኝ፤ ያምርባታል ብዬ።"

ስልኩን መለስኩለት። "ስማ" አልኩት፣ "ወይ ሐምራዊ አልብሳት፣ ወይ ዛሬውኑ ንገራት።"

ጓደኞቹ በሳቅ ፈረሱ። እሱ አልሳቀም፤ እኔም አልሳቅሁም።