ከቀለሙ ሥር

ሰውዬውን ያወቅሁት ከዘመሮ ገበያ ስመለስ፣ የወንዙ የብረት ድልድይ ላይ ተንበርክኮ መንገድ ዘግቶብኝ ነው። ቱታው ቀለም በቀለም ነው፤ እጁ አያርፍም። ይፍቃል፣ በመዶሻ መታ መታ አድርጎ ጆሮውን ብረቱ ላይ ይለጥፋል፣ ደግሞ ብድግ ብሎ ሌላ ጋ ይሄዳል።

«አያ፣ አምና የቀባኸውን ቀለም ምነው ትልጠዋለህ? ሥራ ፈታህ እንዴ?» አለችው በግ የምትነዳ ሴት።

«አምና ለጥምቀት ታቦት ያልፍበታል ብለው አጣደፉኝ፤ ዝገቱን ሳልፍቅ ቀባሁት፣ እታለም። ከላይ ያምራል፤ ከሥር ግን ዝገቱ ብረቱን እየበላው ነው። በጎችሽን አንድ በአንድ አሳልፊ።»

ሴትዮዋ ሳቀች። እሱ ግን የመጨረሻዋ በግ እስክትሻገር ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ቆየ።

በዚያ የምታልፉ ሰዎች፣ እባካችሁ ጥምቀት ሳይደርስ የብረት ብሩሽ ይዛችሁ ጎራ በሉ፤ ብቻውን አይጨርሰውም።