የላይኛው ቤት ውኃ

ልብስ ሰፊዋ ራሷን ቂመኛ አድርጋ አስባ አታውቅም። ቂም መያዝን ያስተማሯት ከበላይዋ ፎቅ የሚኖሩት ጡረተኛ ናቸው።

ሰውዬውን ጎረቤቱ በሹፈት “መሐንዲሱ” ይላቸዋል። ዕድሜያቸውን በመዝገብ ቤት ፈጅተው፣ ጡረታ በወጡ ማግስት መፍቻ ገዙ። መጀመሪያ የሚያንጠባጥበውን የወጥ ቤት ቧንቧ ፈትተው ያለቀችውን ጎሚኒ፣ ውኃ የምትይዘውን የጎማ ቀለበት፣ በአዲስ ቀየሩ፤ መንጠባጠቡም ቆመ። ደህና ሥራ ነበር፤ ማንም ቤቱ ሊሠራው የሚችል። ከዚያ ወዲያ ግን ልባቸው አበጠ። የመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ሲረጥብ ሚስታቸው ባለሙያ እንጥራ ቢሏቸው፣ እኔ እያለሁ ብለው ተቆጡ። ግድግዳው ውስጥ ያለውን መጋጠሚያ ፈልፍለው አወጡና አጥብቀው አጥብቀው ሰነጠቁት። ስንጥቁን በብስክሌት ጎማ ቁራጭ ጠፍረው በሲሚንቶ ደፈኑት።

ውኃው መንገድ አላጣም። በልብስ ሰፊዋ ጣሪያ አድርጎ፣ ሦስት ሳምንት የለፋችበት የሙሽራ ቀሚስ ላይ ወረደ። የሙሽራዋ እናት ስትመጣ ደግሞ መሐንዲሱ ደረጃው ላይ ቆመው፣ የእኔ ቧንቧ አያፈስም፣ እሷ ናት ዕቃ አያያዝ የማታውቀው ብለው መሰከሩባት። ወሬው በየቤቱ ገባ። በሳምንቱ ሁለት ደንበኞች ጨርቃቸውን መልሰው ወሰዱ።

ወደ ላይ የሚወጣው ውኃ መዝጊያ በእሷ ጓዳ ውስጥ ነው። አንድ ጠዋት ዘጋችው። ጀሪካን ይዘው የወረዱት ግን ሚስትየው ነበሩ። እትዬ ምን በወጣቸው? ከፈተችላቸውና እያፈረች ባልየውን ልትቀጣ ማሰቧን ነገረቻቸው። ይቆጡኛል ስትል በመዳፋቸው አፋቸውን ይዘው ሳቁ።

“ቅዳሜ ጠዋት ሻወር ይገባል። ሳሙናውን ሲቀባ በመጥረጊያ እንጨት ወለሉን እመታልሻለሁ” አሏት።

ቅዳሜ ወለሉ ሦስት ጊዜ ተመታ። መዝጊያውን ጥርቅም አደረገችው። መሐንዲሱ ፎጣ አገልድመው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ ግድግዳ እየዳበሱ ወረዱ።

“ውኃ ሄደ እንዴ?”

“እኔ ምን አውቄ ጋሼ። የቧንቧ ሊቁ እርስዎ። ይጠግኑት እንጂ።”

“ዐይኔን ፈጀኝ እኮ፣ አንቺ ልጅ።”

“ለሙሽራዋ እናት እውነቱን ይንገሯት፣ ከዚያ ባለሙያ ይጠራል። ያኔ ውኃው ይመጣል።”

ዛቱ፣ ለመኑ፣ እንደገና ዛቱ። ሳሙናው ሲብስባቸው ለሙሽራዋ እናት ደውላ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ያዘችላቸው። ቀሚሱን ያበላሸው የእኔ ቧንቧ ነው፣ ልጅቷ ጥፋት የለባትም አሉ፤ አጉተመተሙት።

“ጮክ ይበሉ ጋሼ፣ አልሰማችም።”

ደገሙት። ደንበኞቹ ይመለሱ አይመለሱ ገና አይታወቅም፤ ቃሉ ግን ከእሳቸው አፍ ወጥቷል።

ባለሙያው ሲደወልለት፣ ግድግዳ መስበር ስላለበት ሰኞ እመጣለሁ አለ። ልብስ ሰፊዋ ከጣሪያው ሥር ሳፋ አስቀምጣ መዝጊያውን ግማሽ ዙር ብቻ ከፈተች። እትዬ የሚፈልጉትን ከእሷ ቤት ይቀዳሉ። መሐንዲሱ ግን እንደ ክር ከቀጠነው ውኃ ሥር ቆመው ሲራገሙ እየሰማች፣ ስፌቷን ቀጠለች።